“ሴት ያሳደገው”፦ ብቻዋን ላሳደገች እናት የሚነገር መታሰቢያና ሰዋስዉ

መንደርደሪያ

በአማርኛ ከሚነገሩ ስድቦች መካከል “ሴት ያሳደገው” የሚለውን ያህል በሁለት ቃል ሁለት ሰው የሚያቆስል ጥቂት ነው። የሚሰነዘረው በልጁ ላይ ነው፤ የሚያርፈው ግን በእናቱ ላይ ነው። ሥርዓት ያልተማረ፣ ቁጣ ያልቀመሰ፣ ቃሉ የማይታመን ማለት ነው። “የሴት ልጅ” የሚለውም የቅርብ ዘመዱ ነው። ከሁለቱም በስተጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው፤ ልጅ የሚታነጸው በአባት ነው፣ እናት ብታበላም አትገራም የሚል ነው።

ስድቡ ይህን ያህል የተለመደ ከሆነ፣ ብቻዋን ልጅ ያሳደገች እናት በሞተች ጊዜ ልጇ ስለ እርሷ የሚናገረው ሁሉ፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ለስድቡ የሚሰጥ መልስ ይሆናል። መታሰቢያው ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ክርክርም ነው። ክርክር ከሆነ ደግሞ በምን ማስረጃ፣ በምን ቋንቋ፣ በማን አፍ እንደሚቀርብ መመርመር የሐያሲ ሥራ ነው።

ይህ መጣጥፍ በአገራችን እንዲህ ላለችው እናት መታሰቢያ የሚሆኑትን ዋና ዋና የአነጋገርና የትረካ ዓይነቶች በየተራ ይመለከታል። እነዚህም በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ፣ ሙሾ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ እናት ዙሪያ ያደገው ትረካና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያውቀው የአጋር (የሃጀር) ታሪክ ናቸው። ከዚያም ጥያቄውን ወደ አሶሳና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያመጣዋል። በጸሐፊው እምነት ጥሩ መታሰቢያ የእናቲቱን መከራ ከመቁጠር ይልቅ ሥራዋን የሚያስታውስ፣ በሥራውም ላይ እርሷን ባለቤት የሚያደርግ ነው። “ባለቤት” የሚለው ቃል እዚህ ላይ በሰዋስው ትርጉሙም በኑሮ ትርጉሙም የተወሰደ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

አንዲት የጎደለች ፊደል

“ሴት ያሳደገው” የሚለውን ሐረግ ቀረብ ብለን እንየው። አሳዳጊዋ ሴት ናት። ይሁን እንጂ ግሱ “ያሳደገችው” አይልም፤ “ያሳደገው” ይላል። አንስታይ ባለቤትን የምታመለክተው “ች” የለችም። እርግጥ ነው፣ ባልተወሰነ ስም ላይ እንዲህ ያለ አነጋገር በአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ “ሴት” የሚለው ቃል እዚህ ዓይነትን እንጂ አንዲትን የታወቀች ሰው አያመለክትም። ነገሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ተሳዳቢው የሚናገረው ስለ አንዲት ስም ስላላት፣ ቤት ስላላት፣ ሙያ ስላላት ሴት አይደለም። ስለ “ሴት” በጅምላ ነው። “ች” ብትገባ ሴቲቱ ትታወቃለች። ከታወቀች ደግሞ ምን እንዳደረገች መጠየቅ ይመጣል፤ መጠየቅ ከመጣም ስድቡ ስድብነቱን ያጣል።

ልጁ “እናቴ ያሳደገችኝ ነኝ” ብሎ ቢመልስ፣ የተጨመረው ነገር በጽሑፍ ሲታይ ጥቂት ፊደል ነው። በትርጉም ሲታይ ግን ዓይነት የነበረችው ሰው ሆናለች። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንመለከታቸውን የመታሰቢያ ዓይነቶች በዚህች ፊደል ልንፈትናቸው እንችላለን። ጥያቄው በእያንዳንዱ ውስጥ እናቲቱ የሠራችው ሥራ ባለቤት ሆና ትገኛለች ወይስ አትገኝም የሚል ነው።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ

በከተሞቻችን፣ ዛሬ ዛሬም ከከተማ ውጭ፣ ከፍትሐቱ በኋላ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ይህ አጭር ጽሑፍ በሥነጽሑፍ ክፍሎቻችን እንደ አንድ ዘርፍ ተቆጥሮ ሲጠና እምብዛም አይታይም። ይሁንና ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ሊጽፈው የሚገደድ ድርሰት ቢኖር ይኸው ነው። ቅርጹ እንደ ጸሎት የታወቀ ስለሆነ ማንም ሰው ከቃሉ ሊወጣው ይችላል፦ ወይዘሮ እገሊት ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ቦታ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ሲደርስ ከአቶ እገሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ይህን ያህል ልጆች አፍርተው፣ ልጆቻቸውንም በሥነ ሥርዓት አሳድገውና አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተው ሲኖሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

የዚህን ጽሑፍ ግሶች እንመልከት። “መሥርተው”፣ “አፍርተው”፣ “አሳድገው”፣ “አስተምረው”፣ “አብቅተው” የሚሉት ሁሉም ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ በራሱ ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ የሚያሳርፈው ሌላ ማሠሪያ ግስ ይፈልጋል። ከመወለድ በኋላ እዚህ የምናገኘው ማሠሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ “ተለይተዋል” የሚለው። በሌላ አነጋገር ሃያና ሠላሳ ዓመት የፈጀው ማሳደግ ሞት ለሚለው ግስ ጥገኛ ሆኖ ቀርቧል። ሴቲቱ በራሷ ዐረፍተ ነገር የዘጋችው ሥራ ቢኖር መወለድና መሞት ብቻ ነው። ሁለቱንም ደግሞ ፈቅዳ ያደረገቻቸው አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር የአክብሮት አነጋገሩ ነው። የአንቱታው መደብ ጾታን አይለይም፤ “አሳድገው” የሚለው ለአቶም ለወይዘሮም ያው ነው። ስድቡ የነሳትን “ች” አክብሮቱም ሳይመልስላት ይቀራል ማለት ነው። ይህን ማለቴ አንቱታው ይቅር ለማለት አይደለም። አረጋዊት እናት በሕዝብ ፊት አንቺ ተብላ እንድትጠራ የሚፈልግ የለም። ሆኖም ስድብና ውዳሴ በአንድ ሰዋስዋዊ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ማየት ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ነገር ባል የሌለበት ቦታ ነው። ቅርጹ የተሠራው ለባልና ለሚስት ቤት ስለሆነ፣ ባሏ ቀድሞ የሞተባት፣ የፈታት፣ ወይም ወጥቶ የቀረባት እናት ታሪክ ሲጻፍ ጸሐፊው ይቸገራል። ብዙ ጊዜም ጉዳዩን በዝምታ ያልፈዋል። “ጋብቻ መሥርተው” ከሚለው ቀጥሎ በአንድ ነጠላ ሰረዝ ወደ “አሳድገው” ይዘለላል። ያቺ ነጠላ ሰረዝ ግን ባዶ አይደለችም። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ልጅ ታሞ ያደረበት ሌሊት፣ “አባትህ የት ነው” ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ በሙሉ እዚያች ሰረዝ ውስጥ ነው ያለው።

ሙሾ፦ አንቺ የሚባልበት ቦታ

ወደ ሙሾ ስንመጣ ሁኔታው ይለወጣል። የሙሾ አንደኛ ባሕርይ ሟችን በቀጥታ ማነጋገሩ ነው። አልቃሿ ግጥሙን ስታወርድ፣ ልጅ ተቀብሎ ሲጮህ፣ ሟቿ ሦስተኛ መደብ መሆኗ ቀርቶ ሁለተኛ መደብ ትሆናለች። አብዛኛው ልጅ እናቱን በሕይወት ሳለች አንቺ እንደሚላት ሁሉ በለቅሶውም አንቺ ይላታል። የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የጠፋው የአንስታይ ምልክት እዚህ ይመለሳል። ደረት እየተመታ ስለሚባል ሳይሆን፣ በሙሾ እናት የምትጠራበት መደብ ቤት ውስጥ የምትጠራበት መደብ ስለሆነ ነው ሙሾ ከተነበበው ወረቀት ይበልጥ የሚያስለቅሰው።

ይሁን እንጂ ሙሾም የራሱ ልማድ አለው። ለወንድ ሲወርድ ጋሻና ጦሩን፣ ፈረሱን፣ ድግሱን ያነሣል። ለሴት ሲወርድ ቤቷን፣ እንግዳ ተቀባይነቷን፣ ዘመዶቿን፣ መልኳን ያነሣል። ብቻዋን ላሳደገች እናት ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይበቃም። እርሷ ባለሙያ ብቻ ሳትሆን የውጭውንም ተጋፋጭ ነበረች፤ የቀበሌ ስብሰባ የወጣችው፣ ከአከራይ የተከራከረችው፣ ዳኛ ፊት የቆመችው እርሷ ናት። ጥሩ አልቃሽ ይህን ስታውቅ የወንዱን መወድስ ለሴቷ ትሰጣታለች፤ “ወንድ ነበረች” የሚለው አነጋገርም የሚመጣው ከዚህ ነው። አነጋገሩ በተናጋሪው ዘንድ ታላቅ ምስጋና ነው። ለሐያሲ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ሥራዋን ለማመስገን ሴትነቷን መንሣት ግድ ይሆን?

ሁለተኛው የሙሾ ጉድለት የሚያለቅሰው ሰው ራሱን የሚያስቀድም መሆኑ ነው። ለማን ትተሽኝ ሄድሽ፣ ማን አለኝ፣ ምን ይውጠኛል የሚሉት አዝማቾች እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን ማዕከላቸው የቀረው ልጅ እንጂ የሄደችው እናት አይደለችም። ሦስተኛው ደግሞ ሙሾ ከለቅሶው ጋር የሚበተን መሆኑ ነው። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በሰሜን ሸዋ ስለ ድርቅና ረሃብ የተገጠሙትን ቃል ግጥሞች ሰብስበው ባያሳዩን ኖሮ፣ የችግሩ ባለቤቶች ስለ ራሳቸው የተናገሩት ከንግግሩ ቀን ባላለፈ ነበር። የእናት ሙሾ ያን ያህል ሰብሳቢ ገና አላገኘም።

የኮሶ ሻጭ ልጅ

በኢትዮጵያ ታሪክ “ሴት ያሳደገው” የሚለውን ስድብ በዙፋን ደረጃ የቀመሰ ሰው ካለ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የቋራው ካሳ፣ የኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ፣ አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ነበሩ። ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ላይ ተቸግረው ኮሶ እየሸጡ ኖሩ የሚለው ወሬ ከልጃቸው ጋር እስከ ዙፋን ደርሷል። እውነት ነው የሚሉ አሉ፤ የጠላት ፈጠራ ነው የሚሉም አሉ። ለሥነጽሑፍ ተማሪ ከሁለቱ ይልቅ የሚጠቅመው ወሬው ለምን በኮሶ ላይ እንደቆመ መጠየቅ ነው።

ኮሶ የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ ተፈጭቶ የሚጠጣ የሆድ ትል መድኃኒት ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር መኳንንቱም ገበሬውም የሚጠጣው ነበር። ምሬቱ ለምሬት ሁሉ ምሳሌ ሆኗል። እንግዲህ ስድቡ ላይ የተደበቀ ተቃርኖ አለ፤ መድኃኒቷን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ሻጯን ሁሉም ይንቃል። ብቻዋን የምታሳድግ እናት የምትይዘው ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች፣ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች። ከተማው ያለ እነዚህ ሥራዎች አያድርም፤ የሥራዎቹን ስም ግን ለስድብ ያውላቸዋል።

በቃልም በጽሑፍም የሚተረከው ታሪክ ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉት የጦር አለቃ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው እንደዘመቱ፣ ካሳ ግን ድል አድርገው እንደማረኳቸው፣ ከዚያም እናቴ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ ሳይሸጥ ተመልሳለች በሚል ስላቅ ኮሶ እንዳስጠጧቸው ይነግረናል። ይህ ትረካ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ካሳ እናቴ ኮሶ አልሸጠችም ብለው አልተከላከሉም። ስድቡን ተቀብለው፣ ሙያውን ሙያ አድርገው፣ ተሳዳቢውን ደንበኛ አደረጉት። ከክህደት ይልቅ መቀበል የበለጠ መልስ እንደሚሆን ያሳየ የአነጋገር ብልሃት ነው።

ነገር ግን በትረካው ውስጥ ወይዘሮ አትጠገብ የት አሉ? አይናገሩም፤ አይታዩም። ኮሶው በልጃቸው እጅ የጦር መሣሪያ ሆኗል። ክብሩም የልጁ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫነው ልጅ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን የሠዋው ልጅ፣ በልብ ወለድም በተውኔትም በየትውልዱ ሲነሣ ኖሯል። እናቲቱ ግን ከአንድ ገበያ ወሬ አልፋ አትሄድም። ስማቸው “አትጠገብ” መሆኑን እንኳ ከኮሶው ጋር አያይዞ ያሰበበት ጥቂት ነው። የማትጠገብ የተባለች ሴት በመራራው ነገር ብቻ ስትታወስ ኖረች።

አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ስለ ቴዎድሮስ የጻፉትን ትልቅ ታሪካዊ ልብ ወለድ “አንድ ለናቱ” ብለው መሰየማቸው በዚህ አንጻር ሊታሰብበት ይገባል። ንጉሠ ነገሥትን በአባት ስም፣ በዘር ሐረግ ወይም በፈረስ ስም መጥራት በለመደ አገር፣ መጽሐፉ ሰውየውን በእናቱ ለካው። ሐረጉ ከሕዝብ አነጋገር የተወሰደ ነው፤ አንድያ ልጅ ማለት ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ከጠፋ እናቲቱ ባዶ እጇን ትቀራለች የሚል ስጋትም አለበት። በስድቡ “ሴት ያሳደገው” የተባለው ሰው በርዕሱ “አንድ ለናቱ” ሲባል፣ ያው ዝምድና ከነውር ወደ ውድነት ተሻገረ። ቢሆንም ሰዋስዉን እንደገና እንይ። “አንድ” የተባለው ልጁ ነው። እናቲቱ የቀረበችው በ“ለ” ነው፤ ተቀባይ እንጂ አድራጊ አይደለችም። ከስድቡ ወደ ርዕሱ ረጅም መንገድ ተሄዷል፤ ወደ ባለቤትነት ግን ገና አልተደረሰም።

በእግር የሚነገር መታሰቢያ

ብቻዋን የቀረችን እናት በሥራዋ የሚያስታውስ አርአያ ፈልገን ስንመለከት ከሁሉ የሚልቀው ከተጻፈ ድርሰት ሳይሆን ከሥርዓተ አምልኮ ይገኛል። የአጋርን ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 እናውቀዋለን። ከልጇ ጋር ወደ ምድረ በዳ ትሰደዳለች፤ ውኃው ያልቃል፤ ልጁን ከቁጥቋጦ በታች ታስቀምጠዋለች፤ ፈንጠር ብላ ተቀምጣም ታለቅሳለች። በዚህ ንባብ የሚታየን ልቅሶዋ ነው።

በእስልምና ትውፊት ሃጀር ተቀምጣ አታለቅስም። ውኃ ፍለጋ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ ትመላለሳለች። ቁርአን ሁለቱን ኮረብቶች በስም ይጠቅሳል፤ የእርሷን ስም ግን አይጠቅስም። ስሟና ታሪኳ የደረሰን በሐዲስ ነው። ይሁን እንጂ ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ሙስሊም ሁሉ ይህንኑ መንገድ ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። የአንዱ ምልልስ ርዝመት 450 ሜትር ያህል ሲሆን ሰባቱ ሲደመር ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በመንገዱ ላይ ምልክት በተደረገበት ክፍል ወንዶች ይሮጣሉ፤ ሴቶች እንደወትሯቸው ይራመዳሉ። እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ ሥርዓቶች በአንዱ ወንዶች የአንዲትን ብቸኛ እናት ሩጫ በእግራቸው ይደግማሉ ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ሁለቱን መጻሕፍት ለማበላለጥ አይደለም። በመታሰቢያ ረገድ የሚያስተምረን አንድ ነገር ስላለ ነው። ሃጀር የምትታወሰው በተሰማት ሳይሆን ባደረገችው ነው። የተደጋገመው፣ ውጤት ያልታየበት፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሆነው መመላለስ ራሱ ተከበረ። የብቸኛ እናት ሥራም ባሕርዩ ይኸው ነው፤ ዛሬ ተጋግሮ ዛሬ የሚበላ፣ ነገም የሚጋገር ነው። ትረካ ትልቅ ድርጊት ስለሚወድ እንዲህ ያለውን ሥራ ይዘለዋል። ሥርዓቱ ግን ድግግሞሹን በድግግሞሽ አስታወሰው።

ጥያቄው አሶሳ ላይ ሲነሣ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው፤ የሥራ ቋንቋው ግን አማርኛ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በመንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ከስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ፣ ከወሎ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ፤ በመተከል ፓዌም ሌላ ትልቅ ሰፈራ ተመሠረተ። በዚያ ዘመቻ ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጅ ከወላጅ የተነጠለበት ሁኔታ እንደነበረ ስለ ሰፈራው የተጻፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ስለዚህም ብቻዋን ማሳደግ በዚህ አካባቢ የአንዲት ቤት አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ውጤት ነው። የእነዚያ እናቶች ትውልድ ዛሬ እያለፈ ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በ2004 ዓ.ም. በተከፈተው አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ይማራሉ። ስለ አያቶቻቸው እንዲጽፉ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚያመጡት ያንኑ የቀብር ላይ ቅርጽ ነው፤ ቦዝ አንቀጹን ተከትሎ “ተለይተዋል” የሚለውን።

እዚህ ላይ ስለ ሃይማኖቱም ማሰብ ያስፈልጋል። በርታዎችና ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። በእስልምና ሥርዓት በለቅሶ ላይ መጮህና ደረት መምታት የተነቀፈ ነው፤ ሟች የሚታሰበው በዱዓና በሰደቃ ነው። ስለዚህ የሙሾን ቅርጽ ብቸኛው የአማርኛ የሐዘን ድርሰት አድርጎ የሚያስተምር መምህር የክፍሉን እኩሌታ ውጭ ያስቀራል። ዱዓ ውስጥ እናት እንዴት ትጠራለች? ሰደቃው ላይ ስለ እርሷ ምን ይወራል? ይህ ሁሉ ሥነቃል ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። “ብቻዋን ያሳደገች እናት” የሚለው ምድብ ራሱ በየሕዝቡ አንድ ዓይነት አይደለም። በጉሙዝ ባህል እህት ለእህት በመለዋወጥ የሚደረግ ጋብቻ የታወቀ ነው፤ ባል የሞተባትንም ሴት የባል ወገን የሚያገባበት ልማድ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ባልቴት መሆንና ብቻ መሆን አንድ አይደሉም። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ አመጣጥና የምትሸከመው ሸክም ዓይን የሚስብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሸክሙን የማን ብላ እንደምትሸከመው፣ ከማን ጋር እንደምትካፈለው ግን ፎቶግራፉ አይነግረንም፤ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው ምሳሌ ደግሞ ስድባችንን ከሥሩ ይነቅለዋል። ኡዱኮች በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት በቻሊ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጦርነት እየተፈናቀሉ ወደ አሶሳ አካባቢ መጥተዋል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ጦርነትም እንደገና ተሰደው በአካባቢው መጠለያዎች ገብተዋል። እንግሊዛዊቷ የማኅበረሰብ አጥኚ ዌንዲ ጄምስ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው መጻሕፍት እንዳሳዩት፣ በኡዱኮች ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። ልጅ የእናቱ ወገን ነው። “የሴት ልጅ” መባል በዚያ ስድብ አይደለም፤ ሰው የማን ወገን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ ነው። ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ መጠለያ ውስጥ በተቀመጠ ሕዝብ ዘንድ፣ እኛ ልጅ ለማዋረድ የምንጠቀምበት ሐረግ የዝምድና ሁሉ መሠረት ነው። “ሴት ያሳደገው” የሚለው የተፈጥሮ እውነት ሳይሆን የአንድ ልማድ ፍርድ መሆኑን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ የሚቃወም አንባቢ ቢያንስ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፣ እናትን በሥራዋ ብቻ ማስታወስ እናትን የጭነት ከብት ማድረግ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሥራ ሲባል ግን ድካም ብቻ አይደለም። መምረጥ ሥራ ነው፤ መቆጣት ሥራ ነው፤ ልጅ ሳይሰማ መዋሸት፣ ሲሰማ መሳቅም ሥራ ነው። አንዲት እናት ካላት ጥቂት ብር ደብተር ልግዛ ወይስ ጫማ ብላ ስትወስን የነበረውን ሐሳብ የጻፈ ልጅ አእምሮዋን አስታወሰ ማለት ነው። መከራዋን ብቻ የጻፈ ግን ሰውነቷን ብቻ አስታወሰ። የሚያስቆጣት ነገር፣ የማትወደው ጎረቤት፣ የተሳሳተችው ፍርድ ከመታሰቢያው ሲወጣ የምትቀረው ቅድስት ናት፤ ቅድስትን ደግሞ ሰው አይናፍቃትም፤ ይሳለማታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የብቸኛ እናትን ብርታት ማወደስ ብቻዋን የተዋትን ሰውና ማኅበረሰብ ነጻ ያወጣል የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት። “ወንድ ነበረች” ብሎ የሚያመሰግን ለቅሶ የወንዱን መጥፋት ሳይጠይቅ ያልፋል። መፍትሔው ግን ውዳሴውን መተው ሳይሆን ታሪኩን ሙሉ ማድረግ ነው። ብቻዋን የሆነችው ለምንድን ነው? በጦርነት፣ በድርቅ፣ በሰፈራ፣ በፍች፣ በሞት? ነጠላ ሰረዟ ትፈታ። የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር ተጽፎ ይኖራል፤ አባት ባይኖርም ስሙ በየቀኑ በመዝገብ ይጠራል። የእናት ስም የሚጠራበት ቦታ ቢኖር ይህ መታሰቢያ ብቻ ሊሆን ይችላልና በዚህ እንኳ ሙሉ ይሁን።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው ስድቡ እናቲቱን ዓይነት አደረጋት፤ የቀብሩ ጽሑፍ ሥራዋን ለሞቷ ጥገኛ አደረገው፤ ሙሾው አንቺ ብሎ መለሳት፣ ግን ልቅሶውን ወደ አልቃሹ አዞረው፤ የቴዎድሮስ ትረካ ሙያዋን አስከብሮ ዝም አሰኛት፤ የአቤ ጉበኛ ርዕስ ልጁን በእርሷ ለካው። ሥራዋን በሥራ የደገመው የሃጀር መንገድ ነው።

ከዚህ ለተማሪዎቻችን የሚወጣው ተግባር ቀላልና ከባድ ነው። ቀላሉ በጽሑፍ ላይ ነው፤ “አሳድገው” የሚለውን ቦዝ አንቀጽ ሰብሮ በማሠሪያ ግስ መዝጋት። “ልጆቻቸውን አሳድገው” በሚለው ፈንታ፣ እንበል፣ “እናቴ ክረምት ክረምት ወንዝ ወርዳ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ትፈልግ ነበር፤ ባላገኘችበት ቀን ማንጎ ትሸጥ ነበር፤ ሁለቱም ባልሆነበት ቀን ዕዳ ትገባ ነበር” ቢባል፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር በሦስት ግስ ተዘጋ፤ በሦስቱም ባለቤቷ እርሷ ናት። ከባዱ በመስክ ላይ ነው። በበርትኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ፣ በወሎ አማርኛና በኡዱክ ቋንቋ ስለ እናት የሚባለውን፣ ቋንቋውን ከሚያውቁ ተማሪዎች ጋር ሆኖ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሥራው ነገ ይደርሳል የሚባል አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. በፊት የወለዱት እናቶች አሁን በስድሳዎቹና ከዚያም በላይ ባለው ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዷ በሞተች ቁጥር የምትናገረውም የሚነገርላትም አብሮ ይቀበራል። የአማርኛ ሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍል በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሆኖ አማርኛን ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ፣ ከ“ያሳደገችው” ላይ “ች”ን የጣለው ተሳዳቢ ያደረገውን እርሱም በሌሎች ቋንቋዎች እናቶች ላይ ደገመው ማለት ነው።